ከዶሮዋ ሆድ የዘፈንኩበት በጋ

ሚኒያፖሊስ፣ ሰኞ፣ ጁን 4፣ 1934

ይህን ደብተር የገዛሁት ከመምህራን ኮሌጅ ስመረቅ፣ የተማሪዎቼን ስም ልመዘግብበት ነበር። ተማሪ አላገኘሁም። ስለዚህ የበደሉኝን ሰዎች ስም እመዘግብበታለሁ።

አንደኛ፣ ሚስተር ደንከል። «ወርቃማዋ ዶሮ» የሚባለው የቤኪንግ ፓውደር ፋብሪካ ባለቤት ነው። የሬዲዮ ፕሮግራማችንን ወጪ የሚችለው እሱ ስለሆነ፣ እኛ ሦስቱ የሉንደ እህትማማቾች በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ለዶሮዋ እንዘፍንላታለን።

ሁለተኛ፣ ሚስተር ፕሩዊት። የጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ። ደንከል ሲገባ አንገቱ የሚያጥርበት ሰው።

ሦስተኛ፣ ታላቅ እህቴ ቶራ። እሷን በእርሳስ ነው የጻፍኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት በአዲሱ የቤኪንግ ፓውደር ቆርቆሮ ላይ እንድንታተም ሦስታችንን ፎቶ አንስተውን ነበር። ዛሬ ልምምድ ጨርሰን ስንወጣ የፕሩዊት ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። የደንከል ድምፅ ይሰማል።

«ቆርቆሮ ላይ ያለች ሴት ኬክ መምሰል አለባት። ትልቋ ጥሩ ናት። ትንሿማ ማር ናት። ያቺ ረጅሟ ግን ምድጃውን ነው የምትመስለው።»

«ድምጿ ግን፣ ጌታዬ...»

«ድምፅ ቆርቆሮ ላይ አይታተምም!»

ቶራም ሰምታለች፤ ግን ክንዴን ይዛ ወደ መውጫው ጎተተችኝ።

ረጅሟ እኔ ነኝ። ራግና ሉንደ፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ መካከለኛዋ እህት፣ የታችኛው ድምፅ፣ የዘፈኖቹ ሁሉ አቀናባሪ። ቁመቴንም አፍንጫዬንም የወረስኩት ከአባባ ነው። አባባ በዚሁ ቁመትና በዚሁ አፍንጫ ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲጫወት ማንም ምድጃ ብሎት አያውቅም።

አልከፋኝም። ከከፋኝም ለእህቶቼ ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁን 5

መስታወት ፊት ቆሜ አፍንጫዬን አየሁት። ምድጃ አይመስልም። ከጎን ሲታይ ትንሽ።

ሐሙስ፣ ጁን 7

ፕሩዊት አንዲት ልጅ ይዞ ስቱዲዮ ገባ። ፀጉሯ የተጠቀለለ፣ አንገቷ እንደ ዝይ የረዘመ።

«ይቺ ደልፊን ናት፤ የሚስተር ደንከል የእህት ልጅ። ከዛሬ ጀምሮ ራግና ናት።»

«ራግና እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺማ ነሽ። በድምፅ። እሷ ደግሞ በመልክ።»

«ለመልኳ ሌላ ስም አይገኝም?»

«ቆርቆሮው በእሷ ፊትና በአንቺ ስም ታትሟል፣ የኔ እመቤት። አርባ ሺህ ቆርቆሮ።»

ልጅቷ እጇን ዘረጋችልኝ። «በጣም አዝናለሁ። እኔንም የጠየቀኝ የለም።» ጨበጥኳት። «ኧረ እጄን! የምስልበት እጄ ነው!» አለች። ሠዓሊ ነኝ ባይ ናት፤ ያገኘችው ወረቀት ላይ ሁሉ ትሞነጫጭራለች። የዛሬው የዘፈን ወረቀቴ ጀርባ ላይ የፕሩዊት ጆሮ ተስሏል። ይመስላል። ይህን አልነገርኳትም።

ቤት እንደገባን ቶራን ኩሽና ውስጥ ያዝኳት።

«አንዲት ቃል አልተነፈስሽም!»

«ምን ልበል?»

«‹እህቴ ናት› በያ! ቀላል ነው፣ ሁለት ቃል ነው!»

«የአባባ ጣቶች በሪህ ከታሰሩ ወዲህ የምንበላው ከዚህ ፕሮግራም ነው፣ ራግና። አንቺ ተቆጪ፤ ትችያለሽ። እኔ አልችልም።»

ኢንጋ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ነገር የሚገባት ዘግይቶ ነው፣ «ደስ ይበልሽ እንጂ፣ ጄኔራል! ከእንግዲህ ሳታበጥሪ መምጣት ትችያለሽ» አለችኝ። ጄኔራል የምትለኝ በልምምድ ጊዜ የእንጨት ማንኪያ ስለምይዝ ነው። በማንኪያው ማንንም መትቼ አላውቅም። ጠረጴዛውን ብቻ። አንድ ጊዜ ኢንጋን።

ሰኞ፣ ጁን 18

አሠራሩ ይህ ነው። ያለን አንድ ማይክሮፎን ነው። ኢንጋ ድምጿ ቀጭን ስለሆነ ትጠጋዋለች፤ ቶራ በግማሽ እርምጃ፣ እኔ ድምፄ ስለሚከብድ አንድ ሙሉ እርምጃ ወደኋላ። አሁን ጎብኚ በስቱዲዮው የመስታወት መስኮት በኩል ሲያየን ያቺን አንድ እርምጃ ደልፊን ትቆምባታለች። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። እሷ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፁ ከእኔ ይወጣል።

መጋረጃው ግን አንድ ነገር ሊሸፍን አልቻለም። እኛ በፒያኖ አንጀምርም። ልጆች ሳለን እራት በልተን ዕቃ ስናጥብ እማማ በርጥብ እጅ ፒያኖ አታስነካም ነበር። ስለዚህ ድምፁን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርጌ «እምም» እላለሁ፣ ቶራ እጇን በቀሚሷ ትጠርግና ትገባለች፣ ኢንጋ ከላይ ትቀመጣለች። እስከ ዛሬ የፕሮግራሙ መክፈቻ ያ ነው። ያለ እኔ እምምታ እህቶቼ የት እንደሚጀምሩ አያውቁም። ኮሌጅ ሳለሁ በሌለሁበት አንድ ሰርግ ላይ ሞክረው ነበር። ሙሽራዋ አለቀሰች አሉ፤ በደስታ አይደለም።

ዛሬ ደልፊን መክፈቻው ላይ አዛጋች። በመስታወቱ ማዶ የነበሩት እናቶች «እንዴት ያለ ስሜት!» አሉ።

ዓርብ፣ ጁን 29

የደብዳቤ ቀን። ለራግና አርባ አንድ። ዘጠኙ የጋብቻ ጥያቄ ነው፤ ዘጠኙም ስለ አንገት ያወራሉ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ይላካል። በደልፊን ፊት ላይ ስሜን የምፈርመው እኔ ነኝ፣ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ። የከፍተኛ ትምህርት ጥቅም።

አንዱ ግን እንዲህ ይላል፦

«ለታችኛዋ ልጅ። የላይኞቹ ጥሩ ናቸው፤ ላሞቼ ግን አይሰሟቸውም። ሬዲዮው ያለው ጋጣው ውስጥ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ የማልብበት ሰዓት ነው። አንቺ ሦስት ጊዜ ‹እምም› ስትዪ ፔትሮኔላ ራሷን ወደ ሬዲዮው ታዞርና ወተቷን ትለቃለች። ባለፈው ማክሰኞ ጉንፋን ይዞሽ ኖሮ ሳትዪ ቀረሽ፤ እሷም ባልዲውን ረገጠችው። እባክሽ ጉሮሮሽን ሸፍኚ። ዘንድሮ ድርቅ ነው፣ ባልዲ የሚደፋበት ዓመት አይደለም። ሚስስ አግነስ ኩቢቼክ።»

ማክሰኞ ጉንፋን አልያዘኝም። እውነቱ ይጻፍ፤ ከቶራ ጋር ተኳርፌ አርፍጄ ገባሁ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ተካልኝ። አንዲት ላም ቀጣችኝ ማለት ነው።

ፎቶውን ላክሁላት። ምን ላድርግ፣ የሚላከው እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 11

የሚስስ ኩቢቼክ መልስ፦

«ፎቶው ደርሶኛል። ለፔትሮኔላ አሳየኋት፤ ማመንዠኳን አላቆመችም። እኔም አላመንኩም። ሠላሳ ዓመት ከብት ገዝቻለሁ፤ ከዚያ አንገት ያ ድምፅ አይወጣም። በሴፕቴምበሩ የእርሻ ባዛር ለወተት ውድድር ይዣት እመጣለሁ። እንተያያለን።»

ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ደልፊን «ምንድን ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። አንብባ አንገቷን ዳበሰችና፣ «እውነቷን ነው። ከዚህ የሚወጣው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነው» አለች። አሰማችኝ። እውነት ነው፣ የበር ማጠፊያ።

ሳንድዊቿን ተካፈልኩ። ስለራበኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 21

ሙቀት። ከምዕራብ የመጣ አቧራ መስኮቱ ላይ እንደ ዱቄት ተቀምጧል። ለደልፊን አፍ አከፋፈት አስተማርኳት፤ ዝቅ ያለ ድምፅ በጥርስ አይወጣም፣ መንጋጋ ይውረድ። ይህን የማደርገው ለሥራው ጥራት ብቻ ነው። ጎበዝ ተማሪ ናት። የመጀመሪያ ተማሪዬ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 9

ትልቅ ወሬ! ከቺካጎ፣ ለመላው አገር ከሚያሰራጨው ድርጅት፣ አንድ ሰው ሊሰማን ይመጣል። ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ በባዛሩ ላይ፣ ከከብቶቹ አዳራሽ በቀጥታ እንተላለፋለን። ከወደደን ቺካጎ! ኢንጋ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ጨፈረች። ቶራ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እኔም ደስ አለኝ፤ አንድ ደቂቃ ያህል።

«አዳራሹ በአራቱም በኩል ክፍት ነው» አልኩ። «መጋረጃው የት ይቆማል?»

ፕሩዊት ጣሪያውን አየ። «ሚስተር ደንከል አንድ ሐሳብ አላቸው።»

ሐሳቡ ዶሮ ነው። ከእንጨትና ከጀሶ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ቁመት ያላት፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባች ዶሮ። ሆዷ ባዶ ነው። ደረቷ ላይ የሽቦ ወንፊት፣ ከጀርባዋ ትንሽ በር።

«በጣም ሰፊ ናት» አለኝ ፕሩዊት። «ወንበር ይገባል።»

ቅዳሜ፣ ኦገስት 11

ለመሞከር ገባሁ። ወንበር አይገባም።

ሰኞ፣ ኦገስት 20

ዛሬ ወረቀት ሰጡኝ። እኔ ራግና ሉንደ ከእንግዲህ «የሙዚቃ አማካሪ» እባላለሁ፤ በሬዲዮም ሆነ በሸክላ ራግና ተብዬ የዘፈንኩት እኔ መሆኔን ለማንም፣ በየትኛውም ጊዜ፣ ለዘለቄታው አልናገርም። ከባዛሩ ስርጭት በፊት መፈረም አለበት። ካልፈረምኩ ደንከል የቺካጎውን ሰው ሳያገናኘን ይሸኘዋል።

ቶራ ሰሃን እያደራረቀች፣ «ለአንድ ዓመት ያህል ቻይው። ከዚያ እንነግራቸዋለን» አለች።

«‹ለዘለቄታው› ይላል። ማንበብ እችላለሁ፣ ኮሌጅ ገብቻለሁ!»

«ኮሌጅ የገባሽው በማን ስፌት ነው?»

ኢንጋ ፎጣዋን አስቀምጣ ከኩሽናው ወጣች።

ቶራ አራት ዓመት የሰው ቀሚስ ሰፍታ ነው ያስተማረችኝ። ረስቼው አይደለም። ሳልጠቅሰው ቆይቼ ነው። እሷም ጠቅሳው አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ካለች በኋላ ፊቷ እሳት መሰለ፣ ሰሃኑን ደግማ አደረቀችው። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። «ሰሃኑ ደርቋል» አልኩ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 28

ወሰንኩ። አልፈርምም፣ አልጮህም፣ አላለቅስም። ዶሮዋ ሆድ ውስጥ እገባና ዝም እላለሁ። መላው ክፍለ ግዛት የዘፈኑን ቀዳዳ ይስማው። ራግና ማን እንደሆነች ያኔ ይታወቃል።

ለደልፊን ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። እርሳሷን አቁማ፣ «እህቶችሽስ?» አለች። «ምን አገባሽ?» አልኳት። ሳንድዊች አልተካፈልንም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 1፣ ጠዋት

አልተኛሁም። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አልተፈረመም። ቶራ የሦስታችንንም ቀሚስ ተኩሳለች፤ የኔንም፣ ማንም ለማያየኝ።

መኪናው መጣ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 2

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ እጄ አሁንም የጀሶ ሽታ አለው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሕዝቡ ሳይገባ ዶሮዋ ውስጥ አስገቡኝ። ሚስተር ደንከል በነጭ ሙሉ ልብሱ መጥቶ በወንፊቱ በኩል «ወረቀቱስ?» አለኝ። «ውስጥ ብዕር የለም» አልኩት። «ከስርጭቱ በኋላ፣ ወዲያውኑ!» ብሎ የዶሮዋን ደረት ነካ ነካ አድርጎ ሄደ።

ውስጧ ጨለማ ነው፣ ሙጫ ይሸታል፣ ሙቀቱ የጉድ ነው። ምድጃ ቢሉኝ ምድጃ ውስጥ አስቀመጡኝ። በወንፊቱ ግን ሁሉም ይታየኛል። መድረኩ፣ ማይክሮፎኑ፣ ቶራ፣ ኢንጋ፣ በእኔ ቦታ ደልፊን። ፊት ለፊት የቺካጎው ሰው፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። ከመድረኩ በስተቀኝ፣ ከእኛ ቀጥሎ ለሚደረገው የወተት ውድድር የተዘጋጁ አሥራ ሁለት ላሞች ከነባለቤቶቻቸው ተሰልፈዋል። ላሞቹን እዚያ ያቆማቸው ደንከል ራሱ ነው፤ «ወተት፣ ቅቤ፣ ኬክ» የሚል ንግግር ነበረው። ፕሮግራማችንን ሁለት ዓመት ሙሉ በማለቢያ ሰዓት ሲያስተላልፍ ማን እንደሚሰማው አስቦ አያውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት። ቀዩ መብራት በራ።

ፕሩዊት፣ «የሉንደ እህትማማቾች!» አለ።

አፌን ገጠምኩ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። በሬዲዮ ሦስት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው። ደልፊን አፏን ከፍታ፣ መንጋጋዋን እንዳስተማርኳት አውርዳ ቆማለች፤ ምንም አይወጣም። ኢንጋ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ፕሩዊት አንገቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ያሰብኩት ሁሉ እየሆነ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ያኔ ቶራ ወደ ዶሮዋ ዞረች። በቁጣ አይደለም፣ በልመናም አይደለም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ደረቅ እጇን፣ በተተኮሰው ቀሚሷ፣ ልክ ሰሃን አጥባ እንደጨረሰች። እንደ ሁልጊዜው እስክጀምርላት ትጠብቀኛለች።

«እምም» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም። ሦስት ጊዜ።

ቶራ ገባች፣ ኢንጋ ከላይ ተቀመጠች፣ እንደዚያ ቀን ዘፍነን አናውቅም። የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ የደወል ድምፅ ሰማሁ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ቀይ ቡናማ ላም ገመዷን እየጎተተች ትመጣለች። ባለቤቷ፣ በወንድ ቦት ጫማ የቆመች አጭር ሴት፣ በኋላ «አመለጠኝ» ብላለች። እኔ ግን በወንፊቱ አይቻለሁ። እጇን ከፍታ ነው የለቀቀቻት።

ላሟ መድረኩን በሰፊው ደረጃ ወጣች። ቶራን አለፈች። ኢንጋን አለፈች። ደልፊን ፊት ቆማ፣ የተከፈተውን አፏን አሽትታ፣ ትታት ሄደች። ቀጥ ብላ ወደ ዶሮዋ መጥታ አፍንጫዋን ወንፊቱ ላይ ለጠፈችና ላሰችው፤ ከነግንባሬ። ከዚያ እዚያው ቆማ ወተቷን ለቀቀች። መድረኩ ላይ ይንጠባጠባል።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

«ላሟን አስወጡ!» ሲል ጮኸ ደንከል።

«ላሟ የመጣችበትን ታውቃለች!» አለች ሚስስ ኩቢቼክ ከታች። «እርስዎ ልጅቷን ያስወጡ!»

እኔ መዝፈኔን አላቆምኩም፤ ዘፈን ከመሃል አይቆረጥም። ደልፊን ግን አፏን ገጠመች። ማንም ሳይጠይቃት በዶሮዋ ጀርባ ዞራ መጥታ ትንሿን በር ከፈተች።

«ነይ ውጪ፣ ራግና» አለችኝ። «ሦስት ሳምንት ይህን በር ልከፍት ስፈራ ላም ቀደመችኝ።»

ፀጉሬ ጀሶ፣ ፊቴ ላብ፣ ቀሚሴ በሚስማር ተቀዶ ወጣሁ። ቶራ እኔን ስታይ ቀድማ ያየችው ቀዳዳውን ነው፤ ልብስ ሰፊ ነች። ወደ ማይክሮፎኑ ሄድኩ። አንድ ሙሉ እርምጃ ወደኋላ፣ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። የመጨረሻውን ክፍል ሦስታችን ዘፈንን። ፔትሮኔላ «እምቧ» ብላ ባልሆነ ቦታ አራተኛ ሆና ገባችብን፤ በማንኪያ ብመታት ደስ ባለኝ። ደልፊን ገመዷን ይዛ እየሳቀች ታለቅሳለች።

ከመድረክ ስወርድ ደንከል ፊቴ ተደነቀረ። «አንቺ...» አለ።

«ምድጃው በርቷል፣ ሚስተር ደንከል» አልኩት።

መስማቴን ያን ጊዜ አወቀ። ወረቀቱን ላሳየው ከኪሴ አወጣሁት። ፔትሮኔላ ከእጄ ወስዳ በላችው። በተረጋጋ መንፈስ።

የቺካጎው ሰው ባርኔጣውን አድርጎ መጣ። «ያ መጀመሪያ ላይ የነበረው ዝምታ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን የያዘበት፣ ሆን ተብሎ ነው?»

ቶራ አየችኝ።

«ሆን ብዬ ነው» አልኩ። በዚህ በጋ ከአፌ የወጣ እውነት ይኸው ነው፤ ሰውየው እንደ ጥበብ ቆጠረልኝ።

ፔትሮኔላ በውድድሩ ሁለተኛ ወጣች። ሚስስ ኩቢቼክ አንደኛ ያልሆነችው ግማሹን ለዶሮዋ ስላፈሰሰች ነው ትላለች። እጄን ጨበጠችኝ፣ ከታች እስከ ላይ አየችኝና፣ «አዎ፣ ይሄ ደረት ነው» አለች። ከዘጠኙ የጋብቻ ደብዳቤ ይህ ይሻለኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ቶራ የለበስኩትን ቀሚስ ጫፍ ጭኗ ላይ ይዛ ትሰፋለች። «ስለ ስፌቱ...» አልኳት። «ዝም በይ፣ መርፌ ይወጋሻል» አለች። ቤት ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩና ቁጥር ሦስትን በላጲስ አጠፋሁ። ምልክቱ ትንሽ ይታያል።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 14

የቺካጎ ውል መጣ። አሥራ ሦስት ሳምንት። ሦስት ስም፣ ሦስት መስመር። በራሴ መስመር ላይ፣ በራሴ ስም፣ በጥሩው የእጅ ጽሑፌ ፈረምኩ። ኢንጋ የራሷን መስመር በቀለም አበላሸች፤ ማንኪያውን ፈልጌ አጣሁት።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

ሻንጣ እየዘጋን ሳለ ከፋብሪካው አንድ ሣጥን መጣ። የባዛሩ ወሬ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ ሰው ሱቅ እየገባ «የላሟን ቤኪንግ ፓውደር» ብሎ ይጠይቃል አሉ። ስለዚህ ደንከል አርባ ሺሁን ቆርቆሮ ትቶ አዲስ አሳትሟል። የደልፊን ፊት የለበትም። የእኔም የለበትም። የቶራና የኢንጋም ቢሆን የለም። ያለችው ፔትሮኔላ ናት፣ ማይክሮፎን ፊት ቆማ። ከሥሯ በትንንሽ ፊደል የሦስታችን ስም ተጽፏል፣ ያለ ስህተት። ሥዕሉ የደልፊን ነው፤ አጎቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእጇ ከፍሏታል።

ኢንጋ ቆርቆሮውን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየች፤ ከዚያ ቆርቆሮውን።

«ጄኔራል» አለች በቀስታ፣ «የላሟ አፍንጫ...»

«አየሁት» አልኩ።

አባባ መነጽሩን አድርጎ ቆርቆሮውን በታሰሩት ጣቶቹ ቀስ አድርጎ አዞረው። «ይህ የእናቴ አፍንጫ ነው» አለ፤ ድምፁ ኮራ።

ስለዚህ ይመዝገብ፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍለ ግዛት ውስጥ ኬክ የሚጋገርበት ኩሽና ሁሉ የእኔን አፍንጫ ከመደርደሪያው ላይ ያየዋል። መስታወት ፊት ሄጄ ከጎን አየሁት።

ያምራል።